ጋሽ ኮምጣጤ እና የሰኞ አሥር ደቂቃ

ሰው የወደደውን ነገር ለምን በጉያው ይዞ አይቀመጥም? ይህን ሃያ ሁለት ዓመት ስጠይቅ ኖሬአለሁ፤ መልስ የሰጠኝ የለም። መጽሐፍ አነበብክ፣ ሳቅህ፣ በቃህ! ግን አይበቃውም። የግድ ክንድህን ይዞ «ይቺን ስማኝማ» ማለት አለበት። አንተ ደግሞ ቆመህ ጥርስህን ማሳየት አለብህ። የጥርስ ሐኪም ነው ወይ!

እኛ የውሃ ቆጣሪ እንጠግናለን። ከየቤቱ ተነቅሎ የመጣውን እንፈታለን፣ እናጥባለን፣ መልሰን እንገጥማለን፤ ከዚያ ረጅሙ መሞከሪያ ጠረጴዛ ላይ እንደረድረዋለን። እያንዳንዱ ሰው የፊቱን ቧንቧ ከፍቶ ልክ አሥር ደቂቃ ይጠብቃል። አንዲት ሴኮንድ አትጎድልም፣ አትተርፍም። ከዚያ ሰዓት ያዧ «ንባብ!» ስትል ሁላችንም ተራ በተራ ቁጥራችንን እንጠራለን፣ እሷ ትጽፋለች። በዚያ አሥር ደቂቃ ውስጥ ከቆጣሪው ፊት ንቅንቅ የሚል የለም።

ታዲያ አዲሱ አለቃችን ይህን አይቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ዝም ብላችሁ ከምትተያዩ፣ ሰኞ ሰኞ አንድ ሰው ደስ ስለሚለው ነገር ያጫውተን። መጽሐፍ፣ ፊልም፣ ድረ ገጽ፣ የፈለገውን።» ወይ ጉድ! ዝም ማለት እንደ ብልሽት ተቆጠረ።

መጀመሪያ የወጣው ቧንቧ ገጣሚው ነው። ለካ ሰውየው ዘፈን ያለበት ፊልም ከተባለ ነፍሱ ነው። ባቡር ስላመለጣት ሴትዮ አወራን። ጤነኛ ሰው ባቡር ሲያመልጠው ይራገማል፣ የሚቀጥለውን ይጠብቃል። እሷ ግን ሻንጣዋን አስቀምጣ ትዘፍናለች። ይባስ ብሎ ትኬት ቆራጩ ይቀበላታል። ይባስ ብሎ ተሸካሚዎቹ ሁሉ በአንድ መስመር ቆመው ይወዛወዛሉ። ገጣሚው መፍቻውን እንደ ማይክሮፎን ይዞ እሱም ወገቡን ይሞክረው ጀመር።

«ማን አስጠናቸው?» አልኩት።

«እንዴት ጋሼ?»

«ባቡሩ ያመለጣት አሁን ነው። ውዝዋዜውን መቼ ተለማመዱት?»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ገጣሚው መፍቻውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

በሳምንቱ ቀለም ቀቢው አንድ የቀልድ መጽሐፍ ይዞ መጣ። ይህ ደግሞ ሳያነብ የሚስቅ ጉድ ነው። «አንድ ሰውዬ...» ይልና ይንከተከታል። ዓይኑን ይጠርግና «አንድ ሰውዬ...» ይላል። ሰውየው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ የምናውቅ የለንም። «አንተ መጽሐፉን ቤትህ ጨርስና ሳቁን ብቻ ላክልን» አልኩት። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል፤ በየሰኞው ስንቱን ባዶ ጭንቅላት እንዳየሁ አትጠይቁኝ።

እኔ የሥራ ሰው ነኝ። የቀድሞው አለቃችን ልጁን ሲድር አዳራሹ ጓዳ ውስጥ አንድ ቧንቧ ይንጠባጠብ ነበር። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ! ሁለት መቶ ሰው ተሰብስቦ አንድ የሰማ የለም። ኮቴን አውልቄ ገባሁ። ጎማው አልቆ ኖሮ ሌላ ቆርጬ ሠራሁለት፤ ከዚያ አጠገቡ ያለውም እንደማያስተማምን አየሁ። ሁሉንም ጸጥ አሰኝቼ ስወጣ እንግዳው ሄዷል። አመሰግናለሁ ያለኝ የለም። ይሁን፤ ውሃው ቆሟል።

ይህን ስል የምወደው ነገር የለኝም አላልኩም። አለኝ፤ በጉያዬ ነው እንጂ። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ዓመት ከመንፈቅ ጥርሴ አልተገለጠም ነበር። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሻይዬን ይዤ ስልኬን ስነካካ «የሚዛን ቤት ወሬ» የሚል ድረ ገጽ ላይ ወደቅሁ። ጸሐፊው ስሙን አልገለጸም። የገበያ ሚዛን ስለሚያስተካክሉ ሠራተኞች ነው፤ በየማክሰኞው አንድ ታሪክ ይወጣል። ከሁሉ ከሁሉ ጋሽ ኮምጣጤ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። ፊታቸው የማይፈታ፣ ሰው ሁሉ የተሳሳተ የሚመስላቸው፣ በገዛ ልደታቸው ኬኩ አልተካከለም ብለው በማስመሪያ የሚቆርጡ! ሻዩ በአፍንጫዬ ወጣ። ብቻዬን ወጥ ቤት ውስጥ ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ ድምፄን ራሴው አላወቅሁትም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ማክሰኞን ስጠብቅ ኖርኩ። ያ ገጽ ባይኖር ምን ይውጠኝ እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው።

ለማንም አልተናገርኩም። ለእህቴ ብቻ ላክሁላት።

«ይሄ ጋሽ ኮምጣጤ ቁርጥ ባልሽን አይደል?» አልኳት በስልክ።

ሳቋ ሊገድላት ደረሰ። «ቁርጥ እሱን! ወንድሜ ሙት፣ ቁርጥ እሱን!» እያለች ትንፋሽ አጠራት።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው ጸሐፊው ቅር ያሰኘኝ። ሚዛኖቹ አሥር ደቂቃ ካልቆዩ አይነበቡም ብሎ ጻፈ። ስሜን ደብቄ ከሥሩ አስተያየት ሰጠሁ፤ «ሚዛን አሥር ደቂቃ አይጠብቅም። አሥር ደቂቃ የሚጠብቀው የውሃ ቆጣሪ ነው። የማያውቁትን ሥራ አይጻፉ።» ወዲያው «እርስዎ ካሉ ልክ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ» የሚል መልስ መጣ። ጨዋ ሰው ነው ብዬ አለፍኩት።

እንዲህ ስንል የሰዓት ያዧ ሰኞ ደረሰ። ይቺ ሴት ስድስት ዓመት አብራን ስትሠራ ከ«ንባብ» እና ከ«እንደምን አደሩ» ሌላ ቃል ሲወጣት ሰምቼ አላውቅም። ሰዓቷን ለአለቃው ሰጠችና ከጋወኗ ኪስ ሁለት ወረቀት አወጣች፤ አንዱን ዘረጋችው፣ አንዱን ለተከታዩ ታሪክ መሰለኝ እንደታጠፈ ያዘችው።

«አንድ የምወደው ድረ ገጽ አለ» አለች። «የሚዛን ቤት ወሬ ይባላል።»

ደሜ ፈላ! የእኔን ገጽ! ማክሰኞዬን አምጥታ በዚህ ሁሉ ዝርክርክ ፊት ልትዘረግፈው ነው። ደግሞ አነባበቧ! ልክ የቆጣሪ ቁጥር እንደምትጽፍ፣ ቃል በቃል፣ ድምፅ ሳትለዋውጥ፦

«በሠርጉ ዕለት ጋሽ ኮምጣጤ የተቀመጡበት ወንበር አንድ እግሩ አጠረ። ሙሽራዋ ስትገባ ሰው ሁሉ ተነሣ፤ እሳቸው ጎንበስ አሉ። የራሳቸውን ካስተካከሉ በኋላ የጎረቤታቸውን ቢያዩ እሱም ያነክሳል። ከዚያ የሚቀጥለውን። ሲዘፈን ከጠረጴዛ ሥር ነበሩ፤ ኬክ ሲቆረስ ከጠረጴዛ ሥር ነበሩ። በመጨረሻ አቧራቸውን አራግፈው ብድግ አሉና ‹በሉ እንግዲህ አሁን ተቀመጡ!› አሉ። አዳራሹ ውስጥ የቀሩት ሁለት መቶ ቀጥ ያሉ ወንበሮችና አንድ ጠራጊ ነበሩ። ጠራጊው እንዳይከፋቸው ብሎ ተቀመጠ።»

ያቺ የመጨረሻዋ ላይ ስደርስ እኔ ቤቴ እንባዬ እስኪወርድ ስቄባታለሁ። አሁን ቀና ስል ሰዉ ሁሉ እኔን ያያል። ቀለም ቀቢው ከንፈሩን ነክሶ ትከሻው ይርገፈገፋል፤ ገጣሚው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። ፍርዴን የሚጠብቁ መሰለኝ። እንግዲያው ልስጣቸው አልኩ።

«አለቀ?» አልኳት። «ይሄ ነው የሚያስቀው? የጥርስ ሕመም በስንት ጣዕሙ! ለመሆኑ ጸሐፊው ሥራ የለውም? በዚህ የሚስቅ ሰው የለም። በዕድሜው አንድ ሰው እንኳ አስቆ የሚያውቅ አይመስለኝም።»

የቀለም ቀቢው ትከሻ ቆመ። ሰዓት ያዧ ያነበበችውን ወረቀት በአራት አጠፈችው፤ ሌላውን ሳትከፍተው ሁለቱንም ኪሷ ከተተች።

«እርስዎ ካሉ ልክ ነው፣ ጋሼ» አለችና ሰዓቷን ከአለቃው ተቀበለች። «ንባብ።»

በማግስቱ ማክሰኞ ጠዋት ሻይዬን ይዤ ገጹን ከፈትኩ፤ አዲስ ነገር የለም። አሞት ይሆናል አልኩ። የሚቀጥለው ማክሰኞ ከፈትኩ፤ ታሪኮቹ በሙሉ ጠፍተዋል። በባዶው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ይህ ገጽ ተዘግቷል። ጋሽ ኮምጣጤ በዚህ የሚስቅ ሰው የለም ብለዋል። እሳቸው ደግሞ ልኬት አይሳሳቱም።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛ ሳነበው ጆሮዬ ድረስ ጋለብኝ። ወንበሩ። ሠርጉ። ቧንቧው። አሥር ደቂቃው! ጣቴን ቀስሬ «እሱ የውሃ ቆጣሪ ነው» ብዬ ለሰዓት ያዧ የነገርኳት እኔው ነኝ እኮ! የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። እህቴ ጋ ደወልኩ።

«አሁን ነው የገባህ?» አለች።

«ባልሽን ነው ብለሽ አልሳቅሽም?»

«ባሌማ ሠርግ ላይ ይጨፍራል! ጠረጴዛ ሥር የሚገባ ሰው እኔ ከአንድ በላይ አላውቅም።» ከዚያ ሳቋን ተወችው። «ጸሐፊው እኮ ይወድሃል። ቢጠላህ ጠራጊውን ባላስቀመጠልህ ነበር።»

ያን ቀን ሻይ አልጠጣሁም። አፈርኩ፤ ከማፈሬ ይልቅ ግን ማክሰኞዬ ቀረብኝ። ሌላ ምንም አልነበረኝም እኮ! እሱንም በገዛ አፌ ገደልኩት።

በዚያ ሳምንት ሦስት ጊዜ ወደ ጠረጴዛዋ ሄድኩ። አንዴ እርሳስ ለመንኳት። አንዴ ሰዓቷ ትክክል መሆኑን ጠየቅኋት። በሦስተኛው ወረቀቶቿ ተንጋደዋል ብዬ አቃናሁላት። ይቅርታ የምትባለዋ ቃል አልወጣ አለች። ሃምሳ ስድስት ዓመት ሙሉ አልተጠቀምኩባትም፤ ዝጋ ይሆናል።

ቀጣዩ ሰኞ የእኔ ተራ ነበር። ገጣሚው ክንዱን አጣጥፎ ይጠብቀኛል፤ ቀለም ቀቢውም እንደዚያው። ሁለቱም ብድር ሊመልሱ አሰፍስፈዋል። ሰዓት ያዧ ሰዓቷን ተጫነችው። ባዶ እጄን ቆምኩ።

«አንድ የምወደው ድረ ገጽ ነበረ» አልኩ። «ተዘግቷል። ስለዚህ በቃሌ ነው።»

ከ«በሠርጉ ዕለት» ጀምሬ አንድ ቃል ሳላጎድል ተወጣሁት። «በሉ እንግዲህ አሁን ተቀመጡ» ላይ ስደርስ ቀለም ቀቢው አላስቻለውም፣ ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ። ገጣሚው ሳቀ፣ አለቃው ሳቀ። በእኔ ነው የሚስቁት፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩና ቀጠልኩ።

«በዚህ የሚስቅ የለም ያለው ሰውዬ ውሸታም ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻውን ወጥ ቤት ውስጥ ሲስቅበት ኖሯል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ያሳቀው ሌላ ነገር የለም። ሰው ሲያነብለት ግን ቀና፤ ቀንቶ አበላሸው። ይቅርታ ይጠይቃል።»

ሰዓት ያዧ ዓይኗን ከሰዓቱ አልነቀለችም። ምን ታስብ እንደሆነ ከፊቷ አይነበብም። የቀሩት ደቂቃዎች እንዴት እንደረዘሙ!

«ንባብ» አለች።

ገጣሚው ቁጥሩን ጠራ፣ ጻፈች። ቀለም ቀቢው ጠራ፣ ጻፈች። እኔ ጋ ደረሰች።

«የእርስዎስ፣ ጋሼ?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እንደገና አየሁ። በጭንቀት ቧንቧውን ሳልከፍተው ቆሜ ኖሯል።

«ዜሮ» አልኩ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ያረመ ሰው! ደንቡ ግልጽ ነው፤ ዜሮ ከተነበበ ሁሉም ከመጀመሪያው ይደገማል፣ ሌላ አሥር ደቂቃ።

«ማን ያጫውተን ታዲያ?» አለ አለቃው።

«ጋሼ፣ ሌላም በቃልዎ ያውቃሉ?» አለ ቀለም ቀቢው።

«መቶ አራቱንም አውቃቸዋለሁ» አልኩ።

ሰዓት ያዧ ይህን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ብዙ አየችኝ። ከዚያ አውራ ጣቷን ሰዓቱ ላይ አደረገች።

«እንግዲያው ይጀምሩ» አለች በዚያው በማይለዋወጥ ድምፅ። «ግን እንደው አደራዎን ጋሼ፣ መጀመሪያ ወንበርዎን ይተዉትና ቧንቧዎን ይክፈቱ።»

ሌላው ሰው ምን እንዳለች እስኪገባው እኔ ጠረጴዛውን ይዤ እየሳቅሁ ነበር፤ ጮክ ብዬ፣ ልክ እንደ ማክሰኞ ጠዋት፣ እንባዬ እስኪወርድ። ስንት ዓመት አብረውኝ የሠሩ ሰዎች ሳቄን ሰምተው አያውቁም ኖሮ ደንግጠው ያዩኛል። እሷ አልደነገጠችም። ሳቄን እስክጨርስ ሰዓቱን ሳትጫን ጠበቀችኝ።