የዙሃራ ትርፍ ጾም

ጠጅቱ እጣቢዋን የምትደፋው ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ነበር። ቦይ ጠፍቶ አይደለም፤ ጌጃ ሰፈር ቦይ መቼ ቸገረው! ዙሃራ የማፍጠሪያ ሾርባዋን ጥዳ፣ ደጃፏን ጠርጋ፣ ለመግሪብ ሶላት ልትታጠብ ብቅ ስትል የጎረቤቷ እጣቢ ከነፍርፋሪው እግሯ ሥር ቸፍ ይላል። ጠጅቱም ባዶ ሳፋዋን አንጠልጥላ ዞር ብላ ሳታይ ትገባለች። ዙሃራ መጥረጊያዋን ታነሳለች። ቀኑን ሙሉ ውኃ ባልቀመሰ ጉሮሮ ጎንበስ ብሎ የሰው እጣቢ መጥረግ ምን ማለት እንደሆነ የጠረገ ያውቀዋል።

"ዛሬስ አልምራትም፣ እናገራታለሁ" ይላል ባሏ ሁመድ።

"ተው አንተ ሰው። ሆድ ለባሰው ማጭድ አያውሱም። ተናገርካት ማለት ማጭዱን አቀበልካት ማለት ነው።"

የጠጅቱን ሆድ ያስባሰው የልጇ ነገር ነው። በድሉ ባለፈው ዓመት ለውትድርና በአፈሳ ሲወሰድ የቆመው ከዙሃራ የጥራጥሬ ሱቅ በር ላይ ነበር። የአፋሾቹ መኪና ብቅ ሲል ዙሃራ "ግባ! ከጆንያው ኋላ ግባ!" ብላ ጮኸችለት። ልጁ ግን ደንግጦ ወደ ልደታ ማርያም አቅጣጫ ሮጠ፤ ሮጦም እጃቸው ላይ ወደቀ። እናቱ ጆሮ የደረሰው ወሬ ሌላ ነው። "እስላሟ በሯን ዘጋችበት" ተባለ። ዙሃራ አስረዳች፣ ማለች፣ ተገዘተች፤ ኋላ ደከማት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የዙሃራ ንጋት ግን ዘገየ። በድሉም ወደ ሰሜን ጦር ግንባር እንደሄደ ድምፁ ጠፋ።

በድሉ በተወሰደ በዓመቱ ግንቦት ልደታ ረመዳን ላይ ዋለች። በልደታ ቀን ሰፈሩ ደጅ ወጥቶ፣ እሳት አንድዶ ንፍሮ ይቀቅላል። እስላም ክርስቲያን ሳይል ሁሉም ቤት እህል ያዋጣል፤ ንፍሮውም እዚያው ደጅ ይበላል እንጂ ቤት አይገባም። ዙሃራ እንደ ወትሮው ሽምብራዋን ይዛ ወጣች። ጠጅቱ ፊቷን አዞረችባት። ዙሃራ ሽምብራውን ለጎረቤታቸው ለትርፌ አቀበለችና አዛኑን ልትጠብቅ ከዳር ተቀመጠች።

ንፍሮው ወርዶ ሲታደል ትርፌ ሳታስበው "በድሉ እኮ ንፍሮ ነፍሱ ነበር" ብላ አመለጣት።

ጠጅቱ ብድግ አለች። ነጠላዋን መሬት ጥላ ሰማዩን አየች። "ልጄን የወሰዱብኝ ወንበራቸው ይገልበጥ! የነሱም ልጆች ይወሰዱና በር በር ሲያዩ ይኑሩ!"

ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ለትራስም አይነገርም። ሴቶቹ ያፋቸውን ንፍሮ ማላመጥ እንኳ ተዉት።

ማን አፉን እንደከፈተ እግዜር ይወቀው፤ በማግስቱ ጠጅቱ ቀበሌ ታሰረች። ምስክር ግን ጠፋ። ሁሉም "ራቅ ብዬ ነበር" አለ። ያኔ ዙሃራ ተጠራች። ጓድ ገረሱ፣ የቀበሌው የጥበቃ ኃላፊ፣ ወንበር ሰጣት። በዚያ ቢሮ ወንበር የሚሰጠው ለተፈለገ ሰው ነው።

"ወይዘሮ ዙሃራ፣ ይህች ሴትዮ ደጃፍዎ ላይ የምትሠራውን እናውቃለን። ያለችውን ሰምተዋል። እሱን ይንገሩንና ዳግመኛ አታስቸግርዎትም።"

ዳግመኛ አለማስቸገር ምን እንደሆነ ዙሃራ አልጠፋትም። ከዚያ ግቢ ወጥተው ያልተመለሱትን ታውቃለች። ግን ሰው ናትና ለአፍታ አማራት። ደረቅ ደጃፍ አማራት፤ መጥረጊያ ሳያነሱ ማፍጠር አማራት። አማራትና በራሷ አፈረች።

"አልሰማሁም፣ ጓድ።"

ገረሱ ፈገግ አለ። "ጾመኛ ነዎት አይደል? ጾመኛ አይዋሽም። እስቲ በጾምዎ ይንገሩኝ፤ ብላለች ወይስ አላለችም?"

እውነቱን ብትናገር ጾሟ ይድናል፤ ጠጅቱ ግን ትጠፋለች። ዙሃራ ቀና ብላ አየችው።

"በጾሜ፣ አላለችም። ስለ ልጇ አለቀሰች እንጂ ሌላ አልወጣትም።"

ማታውን ጠጅቱ ተፈታች። ዙሃራ ለሁመድ በሹክሹክታ ነገረችው፤ የጾም ቀንዋ እንደ ተበላሸችና ከዒድ በኋላ እንደምትከፍላት ጨምራ።

"ውሸት ጾም አያስፈታም። የሚበላው ምንዳውን ነው" አላት።

"ምንዳው ከተበላ ምን ቀረኝ? ረሃቡ?"

ጠጅቱ ደግሞ፣ ጉድ እኮ ነው፣ በእስር ቤቱ ቀዳዳ ዙሃራን ከቢሮው ስትወጣ አይታት ኖሯል። "ያስያዘችኝ እሷ ናት!" አለች ለሰፈሩ። እጣቢውም ባሰ፤ ጠዋትም ይደፋ ጀመር። ዙሃራ ምን ትበል? "ዋሽቼልሻለሁ" ብሎ ደጅ ላይ መናገር ሁለቱንም ማስበላት ነው። ግድግዳው ሁሉ ጆሮ ነበር። ጠዋት ማታ ጠረገች። አንዳንዴም ቤት ገብታ አለቀሰች።

ዒድ አለፈ። በማግስቱ ሁሉ ሲበላ ዙሃራ ጾማ ዋለች። አመሻሽ ላይ ውኃና ተምር ይዛ ደጃፏ ተቀምጣ ሳለ ጠጅቱ ከነሳፋዋ ወጣች። ዓይኗ ተምሩ ላይ አረፈ።

"ዒድ በላችሁ አልነበር? ምን ያስጾምሻል?"

ካናገረቻት ስንት ጊዜዋ ነው! ዙሃራ ጉልበት የላትም፤ ለመዋሸትም ጉልበት የላትም።

"አንዲት ቀን ተበላሽታብኝ ነው፣ እትዬ።"

"ታመሽ?"

"ዋሽቼ።"

"ወይ ነጋዴ! ስትዋሺ የመጀመሪያሽ ነው?"

ዙሃራ ግራ ቀኙን አየች፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ቀበሌ በጾሜ አስምለው ጠየቁኝ። ብላለች ወይ፣ አላለችም ወይ ብለው። የልደታ ለት እርስዎ የተናገሩትን።"

ጠጅቱ ቆመች። ሳፋው ቀስ ብሎ ከእጇ ወረደ። የጠየቀችው ግን ስለ ቀበሌው አልነበረም።

"በድሉን... ግባ ብለሽው ነበር? እውነትሽን ነበር?"

"ብዬው ነበር፣ እትዬ። ጮኼ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልገባም?"

"ፈራ። ልጅ አይደል፣ ፈራ።"

ጠጅቱ እዚያው እርጥብ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። ስለ ልጇ አለቀሰች እንጂ እርግማን አልወጣትም። አዛኑ ሲሰማ ዙሃራ ውኃውን አነሳችና ለጠጅቱ ሰጠቻት። ጠጅቱ በሁለት እጇ ይዛ ጠጣች። ዙሃራ እስክትጨርስ ጠበቀች።