መሐረብ ውስጥ የቀሩ ቅጠሎች

ሳቱርኒኖ ከእናቱ ቀብር ማግስት ማዕድን ማውጫው በር ላይ ሲደርስ፣ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ የተጠቀለለ መሐረብ ነበር። ውስጡ ያለውን ከእሱና ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅ የለም። መንገድ ላይ ሊጥለው እጁን ሰደድ እያደረገ መልሷል። የእናትን ነገር እንዴት አድርገው ይጥሉታል?

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት፣ ሬሳው ከቤት ከመውጣቱ በፊት፣ የበኩር ልጅ ዘወትር ከምንቅመው ከኮካ ተክል ያልተቀደዱ ሦስት ቅጠሎች ይመርጣል። እፍ ይልባቸዋል፣ የሟችን ስም ይጠራል፣ ከዚያ ጉንጩ ውስጥ ያደርጋቸዋል። እሱ ሳይቅም ማንም አይቅምም። ማዕድን ማውጫው ደግሞ ኮኬይን የሚወጣው ከእሱ ነው ብሎ ቅጠሉን ከነስሙ አይወድም። ከእረፍት የተመለሰ ሾፌር ሁሉ በር ላይ ሽንቱን ይሰጣል፤ የኮካ ምልክት ከተገኘበት ዕቃውን ሸክፎ ይሄዳል። ሳቱርኒኖ ቤት የሚያህለውን መኪና መንዳት የጀመረው ዘንድሮ ነው። ለዚያች መሪ የስንት አለቃ ፊት እንዳየ፣ የስንቱን ቀልድ ሳያስቀው እንደሳቀ እሱ ነው የሚያውቀው።

የቀብሩ ዕለት ጠዋት አክስታቸው ቶማሳ ቅጠሉን በጨርቅ ይዛ በበኩሩ በሳቱርኒኖ ፊት ቆመች። ታናሽ ወንድሙ ዊልበር አጠገቡ ነበር። እሱም እዚያው ማዕድን ማውጫ የውሃ ቦቴ ይነዳል።

"ሳቱ፣ ምርመራውስ?" አለው ዊልበር በሹክሹክታ።

ሳቱርኒኖ ወደ ጨርቁ ጎንበስ አለ። ሦስት ቅጠሎች መረጠ፣ እፍ አለባቸው፣ "እማዬ ሂላሪያ" ብሎ ጠራና ጉንጩ ውስጥ ከተታቸው። የዊልበር ፊት በራ።

"አንተ ከቃምክማ እኔ ማን ነኝ! ከፈለጉ ያባርሩኝ!" አለና እፍኙን ሞልቶ ዘገነ፤ ከቅጠሉ ጋር ከሚቃመው አመድም ጨመር አድርጎ ጉንጩን ወጠረ።

አይ ሳቱርኒኖ! ሽንቱን የሚሸና መስሎ ከቤቱ ጀርባ ዞረ። ቅጠሎቹን መሐረቡ ላይ ተፋ፣ አፉን ደጋግሞ ተጉመጠመጠ፣ መሐረቡን ኪሱ ከትቶ ተመለሰ። ተመልሶም ከወንድሙ ጎን ቆሞ አለቀሰ። እንባው እውነተኛ ነበር፤ ማንም ሐሰት ነው እንዳይለኝ። ግን አንድ ቃል፣ "ወንድሜ፣ ትፋው" የምትል አንዲት ቃል ከአፉ አልወጣችም። አክስቱ ትሰማለች ብሎ ፈራ። መንደሩ "የእናቱን ቅጠል የተፋ" ይለኛል ብሎ ፈራ።

በማግስቱ ሁለቱም የገቡባት፣ ማዕድን ማውጫው በር ላይ ያለችው ክሊኒክ ጠባብ ናት። ነርሷ ሲስተር ዴሊያ የእነሱው አካባቢ ልጅ ነች፤ ተነስታ ሁለቱንም አቅፋ፣ "ነፍስ ይማር፣ ደግ ሴት ነበሩ" አለቻቸው። ቀጥላ ሁለት ብልቃጥ አቀበለቻቸው። ሐዘን ሐዘን ነው፣ ሥራም ሥራ ነው።

ብልቃጦቹን ሲመልሱላት ዊልበር ጭንቅላቱን እያከከ፣ "ሲስተር፣ አንድ ባልዲ ውሃ ነው የጠጣሁት። አጥቦ አይወስደውም?" አላት።

"ሆድህን የእቃ ማጠቢያ አደረግከው እንዴ?" አለችው። "የቅጠሉ ነገር በጉንጭህ አልፎ ደምህ ውስጥ ገብቷል። ደም ጉበትህ ያደርሰዋል፣ ጉበትህ ይሰባብረዋል፣ ስባሪውን ኩላሊትህ ከሽንት ጋር ያወጣዋል። እኔ የምፈልገው ስባሪውን ነው። እሱ ደግሞ ሁለት ሦስት ቀን አይለቅህም። ውሃው ሽንትህን ቢያቀጥነው ነው፤ ከቀጠነብኝ ደግሞ እንደገና አሸናሃለሁ።"

ዊልበር ሳቀ። ወንድሙን ትከሻው ላይ መታ አደረገው። "በቃ፣ አብረን ቃምን፣ አብረን እንባረራለን። መንደር ገብተን ድንች እንተክላለን። ምነው ላብ አጠመቀህ? ለእማዬ እኮ ነው! እኔ ቅንጣት አይቆጨኝም።"

ዴሊያ ሁለት ቁራጭ መመርመሪያ ሽንቱ ውስጥ ነክራ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አጋደመቻቸው። ሾፌር ሁሉ ሕጉን ያውቃል፤ ሁለት መስመር ከወጣ ንጹሕ ነህ፣ አንድ ብቻ ከሆነ ተገኝቶብሃል። ሳቱርኒኖ ሥራ ከያዘ ጀምሮ ለዚያች ሁለተኛ መስመር ሲጸልይ ኖሯል። አሁን ግን በልቡ "አትውጪ፣ በእናቴ አትውጪ" ይላታል። መሪው ይቅር፣ መኪናው ገደል ይግባ፤ ብቻ ዊልበር አጠገቡ ቆሞ አለመቃሙን አይይበት።

በዊልበር ላይ አንድ መስመር ወጣች። በሳቱርኒኖ ላይ አንዷ ወጣች፤ ትንሽ ቆይታ ሁለተኛዋ ቀላ ብላ ብቅ አለች።

"አንተ ምንም የለብህም" አለች ዴሊያ። "ዊልበርዬ፣ የአንተ ግን..." አንገቷን ደፋች።

ዊልበር ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ ብሎ አየ። "ይሄ ተበላሽቷል" አለ። "ሲስተር፣ የእሱ የተበላሸ ነው።"

"ዊልበር፣ ተወው" አለ ሳቱርኒኖ።

"ምኑን ነው የምተወው? የእናቱን ቅጠል አልቃመም ሊባል ነው? በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት! መጀመሪያ የቃመው እሱ ነው፣ እኔ እሱን አይቼ ነው። ሌላ አምጪ!"

ዴሊያ ሌላ ነከረች። ሁለት መስመር። የሁለቱንም ፊት አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ዊልበር፣ ቢቅም ኖሮ እዚህ ይታይ ነበር" አለችው።

ዊልበር ቀስ ብሎ ዞረ። "ሳቱ?"

ሳቱርኒኖ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። እጁን ኪሱ ከተተና መሐረቡን አውጥቶ ዘረጋለት። ዊልበር ፈታው። ሦስቱ ቅጠሎች ጨማደድ ብለዋል እንጂ አንዱም አልተነከሰም።

"እኔን እንኳ ጠቀስ ብታደርገኝ ምን ነበረበት?" አለ ዊልበር።

"አፈርኩ" አለ ሳቱርኒኖ። "ዊልበር፣ ስድብም ካለህ ስደበኝ።"

ዊልበር አልሰደበውም። መሐረቡን መልሶ አጠፈው፣ በጥንቃቄ ደረት ኪሱ ውስጥ አስገባው፣ የሥራ ባርኔጣውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

"እኔ ወደ ቤት ነኝ" አለ። "ቅጠሎቹን መቃብሯ ላይ አደርስልሃለሁ። አንተ መኪናህ ይጠብቅሃል፣ ሂድ።"