ያለ ዘይት

መካኒኩን ጋራዥ ውስጥ «ዶክተር» ይሉታል፤ ሞተር ገና ሲያስል በሽታውን ይነግራቸዋልና። ስሙን ወዶታል። ስለዚህ አጎቱ ሠላሳ ዓመት በሸራ ተሸፍና የኖረች የውድድር ሞተር ብስክሌታቸውን ሲያመጡለት፣ ምክራቸውን በአንድ ጆሮው ነበር የሰማው። ሞተሯ ቱ ስትሮክ ናት፤ የራሱ ቋት ያለው ዘይት የላትም፣ ውስጧ የሚለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር በሚደባለቅ ዘይት ነው። አጎቱ ለሃያ ሊትር ቤንዚን አንድ ሊትር ዘይት ብለው ሲጀምሩ፣ «ጋሼ፣ ለቀባሪ አረዱት እንዳይሆን» ብሎ አሳቃቸው።

ካርቡሬተሩን አጠበ፣ ካንዴላውን ቀየረ፣ ሆዱ እንደ እርጉዝ የተነፋውን ጭስ ማውጫ ወለወለ። ከዚያም እጁ እንደለመደው ንጹሕ ቤንዚን ሞልቶ ረግጦ አስነሳት። ከጋራዡ ጀርባ ባለው ሜዳ ሁለት ዙር ሲዞር ሠራተኛው አጨበጨበለት። በሦስተኛው የኋላ ጎማዋ ድንገት ቀጥ አለ፤ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቋል። ዘይቱ ያኔ ትዝ አለው።

ለአጎቱ ደውሎ፣ አርጅታ ውስጧ ተበልቶ ኖሯል አላቸው። እሳቸውም ጥፋቱ የራሳቸው መሆኑን፣ አልፎ አልፎ ማስነሳት እንደነበረባቸው ተናገሩ። ጭራሽ ስላደከሙት ይቅርታ ጠየቁት። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሦስት ቀን እህል አልወርድልህ አለው።

በአራተኛው ቀን ቤታቸው ሄደ። የአጎቱ ሚስት ልብስ እያጠፈች፣ ባሏ ዝርክርክ ስለሆነ ያቺን የመሰለች ሞተር እንደገደላት፣ ነገ ለብረት ገዢ እንደምትሸጣት ነገረችው። አጎቱ አቀርቅረው ይሰማሉ።

«የገደልኳት እኔ ነኝ፤ ዘይቱን ረስቼ ነው» አለ። «ደግሞ ዋሸሁዎት፣ ጋሼ።»

ሴትየዋ ማጠፏን አቆመች። አጎቱ ቀና ብለው፣ «ሞተሯስ ብረት ናት» አሉ። «እኔን በሚስቴ ፊት ሦስት ቀን አንገቴን ስታስደፋኝ ግን ምን ብለህ ነው?»

ሞተሯን ሊፈታ በዚያው ወደ ጋራዡ ተመለሰ።

ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ገብቶ ሰፋ፣ ልኩ የሆነ ፒስተን ተፈልጎ ተገኘ። ከወር በኋላ አጎቱ ሜዳውን ዞረው ሲመለሱ እንባና አቧራ ፊታቸው ላይ ተቀላቅሎ ነበር። ትከሻውን መታ መታ አድርገው አመሰገኑት፤ አንድ ዙር እንዲነዳም ጋበዙት። ዓይናቸውን ማየት አቃተው። ሥራ ይጠብቀኛል ብሎ ሄደ፤ የዚያን ቀን ግን ምንም ሥራ አልነበረውም።