የመሃሉ ስፒከር

እማዬ ከሐዘኑ ወዲህ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የወፌን ዘፈን። ወፌ ታናሽ እህቴ ናት። “ነበረች” ማለት እስካሁን አፌ አልለመደውም። የህንድ ፊልም ዘፈን ከሰማች ነፍሷን አታውቅም፤ ያንን ባለ አምስት ስፒከር ሆም ቴአትር እቤት ያስገባችው ለዚሁ ነው። እኔ ባለትዳር ነኝ፣ ሌላ ሰፈር ነው የምኖረው፤ እማዬና ወፌ እንዴት እንደሚያዳምጡ ቁጭ ብዬ አይቼ አላውቅም።

መጀመሪያ ከስልኬ አሰማኋት።

“ይሄ አይደለም” አለችኝ። “የሷ ከበሮው ከሶፋው ጀርባ ነው የሚመታው።”

ዘፈኑ ያለበት የወፌ ፍላሽ ደግሞ በለቅሶው ግርግር የት እንደገባ እንጃ! ሙዚቃ ቤት ሄጄ ለአምስቱም ስፒከር ተለያይቶ የተቀዳውን፣ ሰራውንዱን አምጣ አልኩት። ባለሱቁ ዛሬ ነገ እያለ እግሬ እስኪነቃ አመላለሰኝ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፤ በስንት መከራ አገኘልኝ።

እቤት ወስጄ ከፈትኩት። ከበሮው ከሶፋው ጀርባ መታ፣ ቫዮሊኑ ከግራ ከቀኝ መጣ። እማዬ ዓይኗን ጨፈነች። ዘፋኟ የምትገባበት ሲደርስ ግን ዘፋኝ የለችም! ደሜ ፈላ። ስልኬን አንስቼ ባለሱቁ ላይ አፌ እንዳመጣልኝ ወረድኩበት።

“በሐዘንተኛ ትቀልዳለህ?”

“ኧረ ቀስ በይ እህቴ! የዘፋኟ ድምፅ የሚወጣው በመሃሉ ስፒከር ነው። ገመዱን እዪው።”

ቴሌቪዥኑ ስር ጎንበስ ብዬ አየሁ። ገመዱ ተነቅሎ፣ ተጠቅልሎ፣ በወፌ የፀጉር ማስያዣ ታስሯል። ፈትቼ ሰካሁት። ዘፋኟ ቤቱን ሞላችው፤ አቤት ድምፅ! ደስ ብሎኝ ወደ እማዬ ዞርኩ።

“ይቺ ደግሞ ማን ናት?” አለች።

“ዘፋኟ ናት እማዬ።”

“የምትዘፍነው ልጄ ናት። እዚህ ጋ ቆማ፣ ማማሰያ ይዛ። ይቺን አጥፊልኝ።”

ለካ ወፌ ዘፋኟን አስወጥታ ቦታዋን ወስዳለች! አንድ የህንድኛ ቃል ሳታውቅ፣ የኔ ጉደኛ! ሳቄ መጣ፤ ሳልጨርሰው ለቅሶ ሆነብኝ።

ገመዱን ነቀልኩ። በማስያዣው እንደነበረው አሰርኩት። ከመጀመሪያው ከፈትኩላት። ከበሮው መታ፣ ቫዮሊኑ መጣ። እማዬ ቀና ብላ ቴሌቪዥኑ ፊት ያለውን ባዶ ቦታ ማየት ጀመረች። እኔ እንባዬን መቆጣጠር አቅቶኝ ስነፋረቅ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

“ዝም በይ” አለችኝ፤ “አሁን ትገባለች።”