የልብስ ሰፊው ወገብ

መንደርተኛው «ጋሼ ሜትር» ይለዋል፤ የሰው ወገብ ለማወቅ ሜትር አያስፈልገውማ። ደንበኛው ገና ደፉን ሲረግጥ ከእግር እስከ ራሱ አንዴ ያየውና ልኩን በሆዱ ይይዛል። ሜትሩን የሚያዞረው ለደንቡ ያህል ነው፤ ዓይኑ ስቶ አያውቅም። የሳተው በአንድ ሰው ላይ ብቻ ነው፤ በራሱ ላይ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌላው ሰው ሲወፍር ሱሪው ይነግረዋል። ቁልፉ እምቢ ይላል፣ ዚፑ መሃል መንገድ ይቆማል፣ ሰውየውም ሳይወድ በግዱ ይነቃል። ጋሼ ሜትር ግን ሱሪው ጠበብ ባለው ቁጥር በሩን ገርበብ ያደርግና በምላጭ የኋላውን ስፌት ይተረትራል፤ ከትርፉ ጨርቅ ትንሽ ይለቅና መልሶ ይሰፋዋል። በነጋታው ሱሪው እንደ ድሮ ወዳጅ ይቀበለዋል። እንዲህ እያለ ሆዱ ከዓመት ዓመት ሲገፋ፣ እሱ ዘንድ ሁሉም ነገር ልክ ነበር።

አባቱም ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ሳያረጁ ነው የሞቱት። ከቀብር መልስ ልብሳቸውን ሲያጣጥፍ የሱሪያቸው ወገብ ደጋግሞ የተለቀቀ መሆኑን አይቶ ነበር። የድሮው ስፌት ቀዳዳዎች በተርታ፣ መስመር በመስመር ቀርተዋል። ያን ጊዜ የእጃቸውን ጥራት አደነቀ እንጂ ሌላ ነገር አላሰበም።

በዚያ መንገድ ላይ ሙስሊሞቹ እሱና ሚስቱ ብቻ ናቸው። ወደ መስጊዱ የሚኬደው በአውቶቡስ ነው። ረመዳን ሲገባ ታዲያ መንገዱ ሁሉ ለእሱ ይጠነቀቃል። ፊት ለፊቱ ያለው ፀጉር አስተካካይ ምሳውን ከመክፈቱ በፊት የሱቁን መጋረጃ ይስባል። እንዲህ አድርግ ያለው ሰው የለም። ለደንበኞቹም «ያ ሰውዬ እኮ ጠብታ ውሃ አይቀምስም» እያለ የራሱን ጀብዱ የሚያወራ ይመስል ያወራለታል። ጋሼ ሜትር ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ ደስ ስለሚለውም ያፍራል። ብቻውን የሚጾም ሰው መንገዱን ሁሉ ወክሎ የሚጾም ይመስለዋል።

ጤና ጣቢያ የሄደው ሚስቱ ጨቅጭቃው ነው። ሲስተሯ ሜትር ወገቡ ላይ ስታዞር ሳቁ መጣበት፤ ቁጥሩን ስትነግረው ሳቁ የት እንደገባ አላወቀም። ወገቡ፣ ስኳሩ፣ ግፊቱና የደሙ ቅባት ተያይዘው መጥተዋል አለችው፤ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ልብና ኩላሊት ድረስ ይዘልቃል። ከቁርስ ጋር የሚዋጥ ኪኒን ሰጠችው። እንዲራመድ፣ ጨውና ጣፋጭ እንዲቀንስ፣ ጣቱን እየወጋ ስኳሩን ራሱ እንዲለካ ነገረችው። ዕድሜውን ሙሉ መርፌ ሲወጋው የኖረ ሰው ያቺን ቅንጣት መውጊያ ሲያይ ዓይኑን ጨፈነ። ቁርስ እንዳይዘሉ ስትለው እሺ አለ። ምሳም በሰዓቱ ስትለው እሺ አለ። ስለ ጾም እሷ አላነሳችም፤ እሱም ካነሳሁ ይከለክሉኛል ብሎ ፈርቶ ዋጠው።

ባለፈው ረመዳን ኪኒኑን በሱሁር፣ ጎህ ሳይቀድ ከሚበላው ምግብ ጋር፣ ዋጠና ባዶ ሆዱን ዋለ። ከሰዓት በኋላ አንድ ሰማያዊ ኮት ይሰፋ ነበር። ጨርቁ መፍሰስ ጀመረ። ከስፌት መኪናው ሥር እየወጣ ወለሉን ሞላው፣ ቁርጭምጭሚቱ ደረሰ፣ ቀስ እያለ ወደ ጉልበቱ ወጣ። ከማዶ አባቱ ቁጭ ብለው ይሰፋሉ፤ ቀና ብለው አያዩትም። የመኪናቸው ድምፅ ከሩቅ እንደሚሰማ ዝናብ ነው። ኋላ ሲያስበው ያስደነገጠው ይህ ነበር፤ ፍርሃት የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ደስ ይል ነበር።

ሚስቱ ስትደርስ በላብ ተጠምቆ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ የኮቱን እጅጌ አፉን ሰፍቶ ዘግቶት አገኘችው። በግድ ስኳር አፉ ውስጥ ጨመረችለት። ነፍሱ ሲመለስ ተቆጣት፤ ለማንም እንዳትናገር አስማላት። ዓመቱን ሙሉ ምስጢሩን ያዘችለት። ረመዳን ሲቃረብ ግን ምግብ አቅርባለት አጠገቡ ቁጭ አለች።

«ዘንድሮ እኔን የባሏን ሕመም ደብቃ ባሏን የቀበረች ሴት እንዳታደርገኝ» አለችው።

 እጁን ታጥቦ ወደ ሱቁ ወጣ።

በዚያው ሳምንት ሲስተሯ ራሷ ሱሪ ልታሰፋ ሱቁ ድረስ መጣች። ጨርቁን መረጠች፣ ቆመች፣ እሱም ለደንቡ ያህል ሜትሩን አዞረ። ያኔ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጋሼ፣ ከወገቡ ትንሽ ይቀንሱልኝ። እከሳለሁ።»

ይህን ከስንቱ አፍ ሰምቷል! መልሱ ዓመታት ያገለገለ፣ ያላለቀ ቀልድ ነው።

«ልጄ፣ እኔ የምሰፋው አሁን ለቆመችው ነው። የምትመጣዋ ስትመጣ የራሷን ታሰፋለች።»

ሲስተሯ ሳቀች። እሱም ሊስቅ አፉን ከፈተና እንደከፈተ ቀረ። ጤና ጣቢያ ሲሄድ የሰነበተው ማን ነበር? ቁርስ የማይዘል፣ ምሳውን በሰዓቱ የሚበላ፣ ለሁሉም እሺ የሚል ሰውዬ። ኪኒን የታዘዘው ለዚያ ሰውዬ ነው። የሚውጠው ግን እሱ ነው።

ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አደረገ።

«ሲስተር፣ እኔ እጾማለሁ» አላት።

ከዚያ በኋላማ አፉ አልገጠም። የተዘጋውን እጅጌ ነገራት፣ ጨርቁ እንዴት እንደፈሰሰ ነገራት፣ የአባቱን ሱሪ ነገራት። የራሱንም ወገብ ገልብጦ የተለቀቀውን ስፌት ሲያሳያት ፊቱ ቀላ። እንደማትቆጣው ሲያይ ይብስ አፈረ። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ ሁሉንም ሰማችው።

«ጥፋቱ የእኔም ነው» አለችው በመጨረሻ። «ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት እያልኩ ስነግርዎ የሰው ሁሉ ቀን አንድ ዓይነት ይመስለኛል። አንድ ቀን እንኳን ይጾማሉ ወይ ብዬ አልጠየቅኩዎትም።»

በማግስቱ ከሐኪሙ ጋር አገናኘችው። ሐኪሙ ዘንድሮ ባይጾም ይሻል ነበር አለ፤ ጋሼ ሜትር አንገቱን ደፋ፤ ብዙ ተነጋገሩ። በመጨረሻ ኪኒኑ ተለወጠ፣ ሰዓቱም ወደ ማፍጠሪያው ዞረ። በአንድ ነገር ግን ድርድር የለም። ቀን ቀን ይለካል፤ መለኪያው ከሰባ በታች ካሳየ፣ ጀንበር ልትጠልቅ አፋፍ ላይ ብትሆንም ጾሙን ይፈታል። ሚስቱ ኢማሙ ዘንድ ደውላ ጠየቀች። እሳቸውም ጣት መውጋት ጾም እንደማያፈርስ፣ ሕይወቱ የሚያሰጋው ሰው እንደሚፈታና ሲሻለው በሌላ ቀን ጾሞ እንደሚከፍል ነገሯት። ያን ዕለት ጋሼ ሜትር ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ ሰጣትና ወገቡን እንድትለካው እጁን አነሳ። ሳትቀንስ ሳትጨምር ነገረችው።

ረመዳን ገባ። ቀኖቹ ከበር እስከ መስኮት በምትሄደው የፀሐይ ብርሃን ይለካሉ። መኪናው ዝግ ብሎ ይሄዳል፣ ክሩ ይረዝማል፣ ከመንገዱ የሚመጣው ድምፅ በጥጥ የተጠቀለለ ይመስላል። ማታ ካፈጠሩ በኋላ ባልና ሚስት በእግራቸው ወጣ ይላሉ፤ እሷ ትቀድማለች፣ እሱ ደረስኩብሽ እያለ ያላግጣል። ሱሪው ላይ ምላጭ አላነሳም። መለኪያውም ከሰባ ወርዶ አያውቅም ነበር።

አንድ ቀን ግን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ግራጫ ቀሚስ እየጠረዘ ሳለ ጨርቁ እርጥብ እርጥብ አለው። ጠርዙ ከእጁ አምልጦ ወለሉ ላይ ተንጣለለና ቀስ ብሎ መሄድ ጀመረ። ከማዶ የአባቱ መኪና ተሰማው። ደስ የሚለው ያ ነገር መጣ። ጣቱን ወጋ። ስልሳ ሦስት።

ሰዓቱን አየ። ጀንበር ልትጠልቅ ጥቂት ነው የቀራት። ሚስቱ ቤት ናት፣ ሱቁ ውስጥ ሰው የለም፣ ቁጥሩን ያየው እሱ ብቻ ነው። ትንሽ ቢታገስ ማን ያውቃል? ለነገ ደግሞ ያው ልክ ይሆናል። ይህን ሲያስብ እጁ ላይ አንድ የሚያውቀው ነገር ተሰማው፤ በሩን ገርበብ አድርጎ ምላጭ ሲያነሳ የሚሰማው ነው። ትንሽ መልቀቅ። አባቱ ከማዶ ቀና አላሉም።

ሚስቱ በየጠዋቱ ጠረጴዛው ሥር የምታስቀምጥለትን ጠርሙስ አወጣ፤ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ነው። የሱቁ ፊት መስታወት ነው፤ መንገዱም በሰው ተሞልቷል። ክዳኑን ከፈተና ቢስሚላህ ብሎ ተጎነጨ። ጣፋጩ ጉሮሮው ሲደርስ እንባው መጣ፤ እንደ ልጅ አለቀሰ። ያን ያህል ቀን ይዞት የመጣው ጾም ነበር።

ቀና ሲል ፀጉር አስተካካዩ ማበጠሪያ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ጋሼ ሜትር ጠርሙሱን የሚደብቅበት አጣ። ፊቱ ነደደ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

 የምሳ ሰዓት አልፏል፤ ሰውየው የሚበላውም አልያዘም። ማበጠሪያውን ግን ኪሱ ከተተ፣ ወደ ውስጥ ገባ፣ መጋረጃውንም ከዳር እስከ ዳር ሳበው።

ጋሼ ሜትር የተዘጋውን መጋረጃ ጥቂት አየው። ከዚያ ጠርሙሱን አነሳና ቀስ እያለ እስከ ታች ጠጣው።