ሰርቀህ አሳየኝ

እናቴ የመኪና መንዳት አስተማሪ ናት። የከተማችን ሹፌር እኩሌታው ከእሷ እጅ የወጣ ነው ብል አላጋነንኩም። ተማሪዎቿ «እትዬ ፍሬን» ይሏታል። ከአስተማሪው ወንበር ፊት ያለችውን ሁለተኛ ፍሬን ያለ ርኅራኄ ስለምትረግጣት ነው። እሷም ተቆጥታ አታውቅም። «እኔ የምረግጠው ሰው እንዳይረገጥ ነው» ብላ ታልፈዋለች።

የመጀመሪያ መኪናዋን ሌባ ወስዶባታል። በጠራራ ፀሐይ፣ ከመንጃ ፈቃድ ቢሮው በር ላይ። ደብዛዋ እንደጠፋ ቀረ። ከዚያ በኋላ ዓመታት ሙሉ በሰው መኪና ተቀጥራ፣ ጥርሷን ነክሳ አስተማረች። በመጨረሻ አንዲት ትንሽ ነጭ መኪና ገዝታ ግቢያችን ስታስገባ፣ እኔ እንደ ሕፃን ዙሪያዋን እየዞርኩ ስዳብሳት እሷ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

«ይቺን ማንም አይነካብኝም» አለች።

በማግስቱ የመኪና መከታተያ ወደሚሸጥበት ሱቅ አብረን ሄድን። ሻጩ ምላሱ ማር የሆነ ጎልማሳ ነው። የክብሪት ቀፎ የምታክል ጥቁር ዕቃ አወጣና በእናቴ መዳፍ ላይ አኖራት።

«ይህቺን ከመሪው ሥር መሰካት ብቻ ነው። መኪናዎ የት እንደደረሰች ስልክዎ ይነግርዎታል። እርስዎ ለጥ ብለው ይተኛሉ።»

እናቴ አገላብጣ አየቻት። «ሌባውስ ይህቺን አያውቃትም?»

«በየት በኩል ያውቃታል?»

«አንተ በመስታወት ውስጥ ደርድረህ እያሳየኸው!»

ሻጩ ሳቀ። እናቴ ግን የምሯን ነበር። ዕቃዋን የወሰደችው ካልሆነላት ልትመልስ ተስማምታ ነው። ከሱቁ እንደወጣን ታናሽ ወንድሟ ጋ ደወለች። አጎቴ የመኪና ኤሌትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ «ሽቦ» ነው የሚሉት፣ ለሙያውም ለቅጥነቱም።

«መኪናዬን ስረቅልኝ» አለችው።

«ምን አልሽ?»

«ሰርቀህ አሳየኝ። አንተ ዕቃውን ነቅለህ ማምለጥ ከቻልክ ሌባም ይችላል። ካቃተህ ግን እገዛዋለሁ።»

«እትዬ፣ ዕድሜ ልክሽን ስትመክሪኝ ኖረሽ ዛሬ ወደ ሌብነት ልትመሪኝ ነው?» አለና ከት ብሎ ሳቀ። ደስ ብሎታል፤ ድምፁ ያስታውቃል።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ መኪናዋን ይዞ እብስ አለ። እኔና እናቴ ሶፋ ላይ ተደግፈን ስልኩ ላይ አፈጠጥን። ነጥቧ በዋናው መንገድ ቀስ እያለች ትሄዳለች፤ ትንሽ ትሄድና ቆም ትላለች፤ ደግሞ ትሄድና ቆም።

«ምን ሆኖ ነው በየቦታው የሚቆመው?» አለች እናቴ።

እኔ ዘግይቶ ገባኝ። «እማዬ፣ በየፌርማታው እኮ ነው የምትቆመው!»

አጎቴ ዕቃዋን ገና ከግቢ ሲወጣ ነቅሎ አንድ አውቶቡስ ወንበር ሥር ወርውሯት ኖሯል። እኛ አውቶቡሱን በዓይናችን ስንሸኝ እሱ መኪናዋን አጥቦ በር ላይ አቁሞ ያፏጫል። እስከ አውቶቡሱ መጨረሻ ፌርማታ ድረስ ሄጄ ዕቃዋን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ረዳቱ ሲስቅብኝ የነበረው አሁንም ይታየኛል።

ቀጥሎ የሞከርነው ሁለተኛ ዕቃ ሻጩ ራሱ በመኪናዋ ሽቦ ላይ ያሰረው ነው፤ ተደብቋል ተባለ። አጎቴ ሬዲዮውን ሳብ፣ ሽቦውን ቆረጥ አደረገና ስልካችን ላይ የነበረችው ነጥብ ድርግም አለች።

«ገጣጣሚ ሁሉ ከሬዲዮ ጀርባ ነው የሚደብቀው» አለ ሲመለስ። «እኔም ብሆን እዚያው ነው የምደብቀው። ስንፍና እኮ አንድ ዓይነት ናት።»

እናቴ ተመልሳ ሱቁ ገባች። ሻጩ በዚህ ጊዜ እልህ ይዞታል። የሸጠውን ዕቃ ማንም ተራ በተራ እየነቀለ ሲመልስበት ማየት አንገብግቦታል። ከውስጥ ሦስተኛ ዕቃ ይዞ መጣ።

«ይሄ የራሱ ባትሪ አለው። ሽቦው ቢቆረጥ እንኳ መናገሩን አይተውም። ደግሞ ከስልክዎ ላይ ይህችን ሲጫኑ ሞተሩ ይጠፋል።»

«እየሄደች እያለች ብጫነውስ?»

«ትቆማለቻ!»

«ትቆማለቻ ትለኛለህ?» እናቴ ከወንበሯ ተነሳች። «ሞተር ሲጠፋ መሪ ይከብዳል፣ ፍሬን ይደርቃል። ፊት ለፊት ሕፃን እየተሻገረ ቢሆንስ? ነፍስ አጥፍቼ ነው ቆርቆሮ የማስመልሰው?»

ሻጩ ዕቃውን መልሶ አነሳ። «እውነትዎን ነው። ቢጫኑትም መኪናዋ ራሷ እስክትቆም ይጠብቅ። ከቆመች በኋላ ብቻ ያጥፋ። እንደዚያ ሊስተካከል ይችላል፤ አስተካክለዋለሁ።»

«አሁን ተግባባን። የት ነው የምታስገባው?»

«ከሬዲ...»

«ከሬዲዮ አጠገብ እንዳትደርስ!»

ተማክረው ከኋላ ወንበር ሥር፣ የነዳጅ ፓምፑ ካለበት ጎን፣ በስፖንጁ ውስጥ አስገቡት። ለአጎቴ ትንፍሽ አላልንም። እናቴ የመጀመሪያዋን ዕቃም አስቀረቻት፤ ከመሪው ሥር መልሳ ሰካቻት። «ሌባ ያሰበውን ካላገኘ ሲፈልግ ይውላል። ያግኝና አርፎ ይሂድ» አለች።

አጎቴ መኪናዋን ጋራዡ ውስጥ አስገብቶ ቀኑን ሙሉ ሲበረብር ዋለ። ኮፈን ከፈተ፣ ከመሪው ፊት ያለውን ክሩስኮት ፈታ፣ በደረቱ ተስቦ ሥሯ ገባ። አመሻሽ ላይ ደወለ።

«እጅ ሰጥቻለሁ። የለም! ተጫውተሽብኛል።»

«አሁን የት ነህ?»

«የት እሆናለሁ፣ ድክም ብሎኝ የኋላ ወንበሯ ላይ ተጋድሜያለሁ።»

እናቴ ስልኩን ለእኔ ወርውራልኝ ሆዷን ይዛ ተንከተከተች። እዚያው ላይ ተኝቶበት! አጎቴ በበኩሉ አልተዋጠለትም። «ባላሰብሽው ቀን እመጣልሻለሁ» ብሎ ዛተ።

ባላሰብነው ቀን መጣ። ተማሪ ልናስመዘግብ መንጃ ፈቃድ ቢሮው ውስጥ ወረፋ ይዘን ሳለ የእናቴ ስልክ ጮኸ፤ መኪናዋ ተንቀሳቅሳለች። እናቴ ፈገግ ብላ ወንድሟ ጋ ደወለች።

«አንተ ሌባ፣ ይዤሃለሁ! ወዴት እየሄድክ ነው?»

«እኔ?» አለ አጎቴ። ከጀርባው መዶሻ ይሰማል። «እትዬ፣ እኔ ጋራዥ ነኝ፤ የጭነት መኪና ሥር ተኝቻለሁ።»

የእናቴ ፊት ላይ ደም የሚባል ጠፋ። በሩጫ ወጣን። መኪናዋን ያቆምንበት ቦታ ባዶ ነው። የመጀመሪያዋ ዕቃ ቦዩ ውስጥ ተጥላለች።  እናቴ ስልኩን ከፈተች። ነጥቧ ወደ አደባባዩ በሚወስደው መንገድ ላይ ትሄዳለች።

«አለች!» አለች እናቴ። «አለች፣ ልጄ! ፖሊስ ጋ ደውዪ!»

እኔ መኪናዋ በየት በኩል እንደምትሄድ ለፖሊስ እየነገርኩ ሳለሁ አጎቴ ቅባት በቅባት እንደሆነ የጋራዡን ፒክአፕ ይዞ ደረሰ። ዘለን ገባን። እናቴ ጣቷን ከስልኩ በላይ አንጠልጥላ፣ ዓይኗን ሳትነቅል ትናገራለች፦ «ታጠፈች... መብራቱን አለፈች... አደባባዩ ጋ መጨናነቅ አለ፣ ይዘገያል... ቆመች!»

ተጫነችው።

ስንደርስ አደባባዩ በጥሩምባ ተናግቷል። ነጯ መኪናችን መሐል መንገድ ላይ ድርቅ ብላለች። ከኋላዋ ያለ ሹፌር ሁሉ አንገቱን አውጥቶ ይሳደባል። አንድ ትራፊክ ፖሊስ ደግሞ፣ ምኑንም ሳያውቅ፣ መንገዱን ላስከፍት ብሎ ከኋላ እየገፋት ነው! መሪው ላይ የተቀመጠው ወጣት ላብ አጥምቆታል። የበጠሳቸውን ሽቦዎች እያነካካ ሞተር ለማስነሳት ይታገላል።

እናቴ በር ከፍታ የአስተማሪው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ወጣቱ ክው አለ።

«ማርሽ ውስጥ ነው ያለኸው» አለችው፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «እንዲህ እያለ ትራፊኩ ቢገፋህ ንቅንቅ አትልም። መጀመሪያ ማርሹን አውጥተህ ፎሌ አድርገው።»

ልጁ ደንግጦ ፎሌ አደረገው! ከዚያ ነቃና በሩን ከፍቶ ሊሮጥ ሲል አጎቴ በመስኮቱ በኩል «የት?» አለው። ወንበሩ ላይ መልሶ ተቀመጠ። እናቴ ወደ ኋላ ዞራ ለትራፊኩ ጮኸች።

«ልጄ፣ መግፋቱን ተውና ና፤ መኪናዋ የእኔ ናት፣ ይሄ ሌባ ነው!»

ትራፊኩ እሳት እንደነካው እጁን ከመኪናዋ ላይ አነሳ። ወዲያው የጠራናቸው ፖሊሶች ደረሱ። ሊብሬዋን አይተው፣ የተበጠሱትን ሽቦዎች ፎቶ አንስተው፣ ወጣቱን በካቴና አስረው ወሰዱት።

አጎቴ ተጎንብሶ ሽቦዎቹን አገናኘ። እናቴ እገዳውን ልታነሳ ስልኩን መልሳ ተጫነች፣ ወደ ሹፌሩ ወንበር ተሻገረች፣ መኪናዋም በአንዴ ተነሳች። ሲሰድቡን የነበሩት ሹፌሮች ነገሩ ሲገባቸው ማጨብጨብ ጀመሩ። አንዱ ከአውቶቡስ ላይ ሆኖ «እትዬ ፍሬን! እኔን እኮ አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ!» እያለ ጮኸ። ትራፊኩ ፊሽካውን ነፍቶ መንገዱን ሁሉ አቁሞ በእጁ ጋበዛት።

እኔ ከጎኗ ገባሁ። እናቴ መስታወቷን አስተካከለች፣ ፍሬቻ አሳየች፣ አደባባዩን ዞረች። መታጠፊያችን ላይ ስንደርስ አልታጠፈችም።

«እማዬ፣ አለፍሽው እኮ!» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችና አደባባዩን እንደገና ዞረች። አጎቴ ከኋላችን በፒክአፑ ጥሩምባውን እያቀለጠው ተከተለን።