አስፋልቱ ያለቀበት ቦታ

ልጄ ሹፌሩን ላግባ ካለችኝ ሁለት ወር አልፏል። እሺም እንቢም አላልኩም። በመጨረሻ፣ «እማዬ፣ በረሃው አፋፍ ላይ ይውሰደንና ፀሐይ ስትወጣ እንይ፤ መልስሽን እዚያ ትነግሪኛለሽ» አለችኝ። ሰውየው ሥራው ጎብኚ ወደዚያ ማመላለስ ነው። ፀሐይ ለማየት በጨለማ መነሳት! እኛ ሰፈር አትወጣም?

ሁለቱንም ለማየት እንዲመቸኝ ከኋላ ተቀመጥኩ። እግሬ ሥር ቦርሳ አለ። ነካ ባደርገው ብረት ነው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የሥራ ዕቃ ነው፣ እማማ።»

የሥራ ዕቃ! የምን ሥራ?

አስፋልቱ አልቆ አሸዋው ሲጀምር አቆመና ወረደ። ጎማው ሥር ቁጢጥ አለ። ከዚያ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አየሩን እያስወጣው ነው! አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው፣ አራቱንም። ልጄ ከፊት እንቅልፍ ወስዷታል። ጎማው ተንፍሷል፣ አካባቢው ሰው የለበትም፣ እግሬ ሥር ብረት። ከዚህ በላይ ምን ልጠብቅ? ቢያንስ ብረቱን ላሳጣው ብዬ በሩን ቀስ አድርጌ ከፈትኩና ቦርሳውን አጠገባችን ከቆመው የመንገድ ምልክት ሥር ጣልኩት።

ተመልሶ ገባና መንዳቱን ቀጠለ። መኪናዋ አሸዋው ላይ ያለ ችግር ሄደች። ግራ ገባኝ።

አፋፉ ላይ ሰማዩ ቀላ። ልጄ «እዪው እንጂ!» እያለች ትጮኻለች። እኔ የቀሚሷን ጫፍ ጨብጬ የሰውየውን እጅ አያለሁ።

«ምነው እማማ፣ ፀሐይዋ በእኔ በኩል ነው እንዴ የምትወጣው?» አለኝ።

ልጄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «መልስሽስ?» አለችኝ።

«መጀመሪያ በደህና ቤታችን እንግባ።»

ስንመለስ አስፋልቱ ጋ ቆመ። «አሸዋ ላይ ጎማው ካልተነፈሰ መኪናዋ ትሰምጣለች» አላት ለልጄ። «አስፋልት ላይ ደግሞ መልሼ መንፋት አለብኝ።» የኋላውን በር ከፍቶ እግሬ ሥር ፈለገ። «መንፊያዬ የት ሄደ?»

ነጠላዬን ማስተካከል ጀመርኩ። ልጄ ዞር ብላ አየችኝ። «እማዬ?»

እሱ ቀና ሲል ቦርሳውን ከምልክቱ ሥር አየው። ቀጥሎ እኔን አየኝ። ከዚያ ግንባሩን በመዳፉ መታ።

«ለካ ጎማ ሳስተነፍስ አውርጄ እዚያው ረስቼዋለሁ።»

«አንተ ዝንጉ!» አለችው ልጄ፤ ተሳሳቁ።

እሱ ጎማውን ሲነፋ፣ «አሁንስ፣ እማዬ?» አለችኝ።

ከውርደት አድኖኛል፤ አልክድም። ግን ምላሱ ትንሽ እንኳ ሳይደናቀፍ ነው የዋሸው። ነገ ልጄንስ?

«አንድ ወር ጨምሪልኝ» አልኳት።